«እናቶቹ ራሳቸው አይመጡም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ስለ ገጠር እናቶች ሞት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ላኩልኝ፤ ዘመዶቼ ላኩልኝ፤ የልጄ አስተማሪ ሳትቀር ላከችልኝ። ብዙዎቹ ከሥሩ «እውነቱን ተናገሩት» የሚል ጨምረውበታል።

ጸሐፊው የደሴ ልጅ ናቸው። የዘመዳቸውን ሚስት በወሊድ እንዳጡ ጽፈዋል። ነፍሷን ይማርልን። የተናገሩት ከልብ ነው፤ ያስታውቃል። ግን የደረሱበት መደምደሚያ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ወረዳ በጀት ሲይዝ፣ ድርጅት ፕሮጀክት ሲቀርጽ የሚሰማው እንዲህ በሰፊው የተነበበን ድምፅ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ያሉትን ልናገር። እንደ እሳቸው አባባል የደቡብ ወሎ ገጠር እናቶች በወሊድ የሚሞቱት በዋናነት በባህልና በግንዛቤ ማነስ ነው። ጤና ጣቢያ ተሠራላቸው፣ አምቡላንስ ተመደበላቸው፣ አገልግሎቱም ነፃ ሆነላቸው፤ እነሱ ግን ቤታቸው መውለድን መረጡ። ስለዚህ ከባህሉ ጋር ከመታገል የልምድ አዋላጆችን አሠልጥኖ፣ ጓንትና ንጹሕ ምላጭ ሰጥቶ ወደ ሥራቸው መመለስ ይሻላል። የእናቶች ማቆያ የሚባሉት ክፍሎች ባዷቸውን ስለተቀመጡ ይዘጉ። የጤና ኤክስቴንሽኑም ከሪፖርት ያለፈ ነገር አላመጣም። በዚህ ሁሉ የሚተርፈው ገንዘብ ደሴ ላይ አንድ ትልቅ የእናቶች ሆስፒታል ይሠራበት። ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ በፊት ከደሴ በስተምዕራብ ባለ አንድ ደጋ ወረዳ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ከአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የተወሰዱ ናቸው። ዓመቶቹን እንደ ጥናቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።

ከባህሉ ልጀምር። ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በ2011 በተደረገው ጥናት ቤታቸው የወለዱ እናቶች ለምን ጤና ተቋም እንዳልሄዱ ተጠይቀው ነበር። ከ10 ከ6 በላይ የሚሆኑት «አስፈላጊ አይደለም» ብለዋል። ከ10 ሦስቱ ያህል ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» ብለዋል። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰዋል፤ ቁጥሩም ትክክል ነው።

ግን የዚያኑ ጥናት ሌላውን ገጽ እንግለጥ። በ2011 ከ100 ወላዶች ጤና ተቋም የወለዱት 10 ብቻ ነበሩ። በ2016 ይህ ቁጥር 26 ደረሰ። በ2019 ደግሞ 48 ሆነ። በስምንት ዓመት ውስጥ አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እንግዲህ በስምንት ዓመት የተለወጠው ባህል ነው? አማቶቹ እነዚያው ናቸው። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም እዚያው አሉ። የተለወጠው ሌላ ነው። ጤና ጣቢያው በዛ። አዋላጅ ነርስ ተመደበ። ወረዳዎች አምቡላንስ አገኙ። የወሊድ ክፍያ ቀረ። አገልግሎቱ ወደ ሴትየዋ ሲጠጋ ሴትየዋም ወደ አገልግሎቱ ተጠጋች።

ሌላ ቁጥር ልጨምር። ጸሐፊው ቢያዩት ሐሳባቸውን የሚለውጡ ይመስለኛል። በ2016 ከ100 እናቶች 62ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል። ጤና ተቋም የወለዱት ግን 26 ናቸው። በመካከል ያሉት የት ሄዱ? እነዚህ ሴቶች እኮ ሆዳቸው ገፍቶ በእግራቸው መጥተዋል። ካርድ አውጥተዋል። ግፊት ለመለካት ክንዳቸውን ሰጥተዋል። የቴታነስ ክትባት ተወግተዋል። የአይረን ክኒን ተቀብለው ሄደዋል። ጤና ተቋም በባህሏ የሚያስጠላት ሴት ይህን አታደርግም። ልዩነቱ ለክትትል የሚመጣው በቀን፣ በገበያ ቀን፣ በራስ እግር መሆኑ ነው። ምጥ ቀጠሮ የለውም። ሌሊት ይመጣል። ክረምት፣ ወንዝ በሞላበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መኪና፣ መንገድና ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው።

ደግሞስ የደሴዋንና የለጋምቦዋን ሴት ምን ይለያቸዋል? እህትማማቾች ናቸው። አንዷ ደሴ ተድራ መጣች፤ አንዷ አገር ቤት ቀረች። ሃይማኖታቸው፣ ለቅሷቸው፣ ዱዓቸው አንድ ነው። ደሴ ያለችው ሆስፒታል ትወልዳለች፤ ለጋምቦ ያለችው ቤቷ ትወልዳለች። በአገር ደረጃ በ2019 ከከተማ ወላዶች ከ100 ወደ 70 የሚጠጉት ጤና ተቋም ሲወልዱ ከገጠሮቹ 40 ያህሉ ናቸው። ባህል ይህን ልዩነት አያብራራም። ርቀት ግን ያብራራል።

የቤተሰብ ምጣኔውንም እዩት። በ2000 ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ከ100 ስድስት ብቻ ነበሩ። በ2019 ወደ 41 ደረሱ። የአማራ ክልል ደግሞ ግማሽ ያህል ሆኖ ከአገሪቱ ከፊት ተሰልፏል። ይህ ከወሊድ የበለጠ ባልንም፣ አማትንም፣ ሃይማኖትንም የሚነካ ጉዳይ ነው። «ባህሉ አይፈቅድም» የሚባል ነገር ካለ መቆም የነበረበት እዚህ ጋ ነበር። አልቆመም። ምክንያቱም መርፌውና ክንድ ሥር የሚቀበረው መድኃኒት ቀበሌዋ ድረስ ሄደላት። ያደረሰችላት ደግሞ ጸሐፊው «ከሪፖርት ያለፈ ነገር አላመጣችም» ያሏት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ፕሮግራሙ በ2003 ሲጀመር ዕቅዱ ለአንድ ቀበሌ፣ ለ5,000 ሕዝብ ያህል፣ ሁለት ሴቶች መመደብ ነበር። ሁለት ሴት ለ5,000 ሰው! ያመጡት ውጤት ሲታይ ምስጋና ነው የሚገባቸው።

በሪፖርቱ ጉዳይ ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው። «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ ቀበሌ» እየተባለ ባነር ሲሰቀል እያየን ነው የመጣነው። ባነሩ በተሰቀለበት ቀበሌ ቤታቸው የወለዱ እናቶች ልጅ ሊያስከትቡ ሲመጡ እናገኛቸዋለን። እንዲህ ያለ ሪፖርት ጉዳቱ ብዙ ነው። ቤቷ የወለደችውን እናት ያስደብቃል፤ የተደበቀችን እናት ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሄዶ የሚያያት የለም። ጸሐፊው ይህን በመናገራቸው አመሰግናለሁ።

ባህል ምንም ተጽዕኖ የለውም አልልም። አለው። «የመጀመሪያዋ ነው፣ ትታገስ» የምትል አማት አለች። ባል ገበያ ሄዶ ካልተመለሰ ማንም የማይወስንበት ቤት አለ። «ማርያም ትፈታታለች» እየተባለ፣ ዱዓ እየተደረገ የሚነጋ ሌሊት አለ። እነዚህ ጉዳዮች ላይ መነጋገር ያስፈልጋል፤ በነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ ባሎችና አማቶች መገኘት አለባቸው ብዬም አምናለሁ። ግን እነዚህ ሰዎች የሚያመዛዝኑት ነገር አላቸው። ጎረቤት መቀስቀስ አለ። ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ቃሬዛ ይዞ ይምጣ ማለት አለ። ገደል መውረድ፣ ወንዝ መሻገር አለ። አምቡላንሱ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። ደርሰውም ባለሙያ ይኑር አይኑር፣ መብራት ይኑር አይኑር አያውቁም። በዚህ ሁሉ ላይ የመጀመሪያዎቹን ልጆቿን ቤቷ በሰላም የወለደች ሴት «አስፈላጊ አይደለም» ብትል አላዋቂነት አይደለም። ኑሮዋን አስልታ ነው።

«አገልግሎቱ ነፃ ነው» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። አልጋውና ማዋለዱ ነፃ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አምቡላንሱ ነዳጅ ሲያጣ የኮንትራት መኪና የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲያልቅ ወረቀት ተጽፎ ከግል ፋርማሲ ግዙ ይባላል። ወደ ደሴ ሪፈር ከተጻፈላት ደግሞ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ የመመለሻ ትራንስፖርት አለ። የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ፍየል ሳይሸጥ ይህን አይወጣም። ገጠሬው ለጤናው ገንዘብ ማውጣት አይወድም የሚለውንም አልቀበልም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የኛው ተሁለደሬ ነበር። ገበሬው ሳይታመም ቀድሞ መዋጮ ከፍሏል።

አሁን ወደ ልምድ አዋላጆቹ። ጽሑፉ ብዙ ሰው ያሳመነው በዚህ ሐሳብ ይመስለኛል። ቅርብ ናቸው፣ ይከበራሉ፣ አይቆጡም፣ ለምን አናሠለጥናቸውም? ደግ ሐሳብ ነው። ግን ተሞክሯል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ የልምድ አዋላጆች ሠልጥነዋል፤ ምላጭ፣ ክርና ሳሙና የያዘ ቦርሳ ተሰጥቷቸዋል። ጥቅም አልነበረውም አይባልም። ንጹሕ ምላጭና የታጠበ እጅ የሕፃኑን እትብት ከኢንፌክሽን ይጠብቃል። የእናቶች ሞት ግን በዚያ መንገድ አልቀነሰም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፍ የአዋላጆችና የማሕፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበራት ጋር በ2004 ባወጣው መግለጫ የልምድ አዋላጅ፣ ሠለጠነችም አልሠለጠነችም፣ የሠለጠነ የወሊድ ባለሙያ ተብላ እንደማትቆጠር በግልጽ ያስቀመጠው።

ምክንያቱን ከወረቀት ይልቅ ባየሁት ልንገራችሁ። ከቆላው በኩል በቃሬዛ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ቤቷ ነው የወለደችው። ልጁ ደህና ነው። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ቅሬው ሌሊቱን ተሸክሟት ተጉዞ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ጎህ ቀድዷል። ወንዶቹ ትከሻቸው በእንጨቱ ተልጧል። የለበሰችው ጋቢ ከወገቧ በታች ከብዶ ይንጠባጠብ ነበር። አብራት የመጣችው አዋላጅ በአካባቢው የታወቀች ሴት ናት። ብዙ ልጅ ተቀብላለች። ጓንት ነበራት። ምላጯም ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ነበር። «ልጄ፣ የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ደሙ ግን አልቆም አለኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያጠፋችው ነገር የለም። ቤተሰቡም ቶሎ ወስኗል። አምቡላንስ ተደውሎለት ነበር፤ መኪናው ሌላ እናት ይዞ ደሴ ሄዷል። ግሉኮስ ሰቀልን፣ መርፌውን ሰጠናት፣ የእንግዴ ልጁን በእጅ አወጣን። የፈሰሰውን ደም ግን የምንተካበት አልነበረንም። ሪፈር ተጽፎላት ተነሳች። ደሴ አልደረሰችም።

ጸሐፊው የሚሉት ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ ተሟልቶ ነበር። ቅርብ አዋላጅ ነበረች፤ ጓንትና ምላጭም ነበሩ። የጎደለው ሌላ ነው። ልጁ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እናቲቱ ጭኗ ላይ የምትወጋው ኦክሲቶሲን የሚባል መድኃኒት አለ። ማሕፀን እንዲኮማተር አድርጎ ደሙን ይገታል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ፍሪጁ መብራት ይፈልጋል። ግፊቷ ከፍ ብሎ የሚያንቀጠቅጣት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት ትፈልጋለች። ልጁ ተሰንቅሮ ምጧ የቆመ እናት ኦፕራሲዮን ትፈልጋለች። ከወሊድ በኋላ ከባድ ደም መፍሰስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከ100 ነፍሰ ጡሮች 15 ያህሉ ላይ እንዲህ ያለ ችግር ይመጣል። የትኞቹ 15 እንደሆኑ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቅም፣ ስፔሻሊስቱም አያውቅም። ሁሉም እናት ባለሙያ አጠገብ ትውለድ የምንለው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ስለ ልምድ አዋላጆች አንድ ነገር አስተውለዋል፤ ትክክልም ናቸው። እናቶቹ ይወዷቸዋል። ይህን ቀለል አድርጌ አላየውም። የልምድ አዋላጇ ወገቧን ታሻታለች፣ ቅቤ ትቀባታለች፣ «አይዞሽ» ትላታለች። ተንበርክካም፣ ገመድ ይዛም፣ እንደሚመቻት ሆና ትወልዳለች። እኛ ጋ ስትመጣ ምን ታገኛለች? ቀዝቃዛ ክፍል፣ ጠባብ የማዋለጃ አልጋ፣ «በጀርባሽ ተኚ»፣ ባሰም ካለ «አትጩሂ»። እናቷን በር ላይ እናስቀራታለን። ወንድ አዋላጅ ብቻ ያለበት ጣቢያ ደግሞ አለ፤ ለብዙ የወሎ ሴት፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ በባዕድ ወንድ ፊት መገለጥ ከምጡ ያላነሰ ጭንቀት ነው። ይህ የሙያችን ጉድለት ነው፤ መታረም አለበት። ያረሙትም አሉ። ለአራስ ገንፎ የሚያገነፉ፣ ቡና የሚያፈሉ፣ መጋረጃ የሰቀሉ ጤና ጣቢያዎች አሉ። እናትየው የምትመርጠው ሰው አብሯት ይሁን፣ በምትመርጠው አኳኋንም ትውለድ የሚለው ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም ምክር ነው። እንግዲያው የልምድ አዋላጆችን እንመልሳቸው ከተባለ እኔ እስማማለሁ፤ ቦታቸው ግን ከወላዷ ራስጌ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሁን። ነፍሰ ጡሯን ይዘው ይምጡ፣ እጇን ይያዙ፣ ያበርቱ። መርፌውን ባለሙያው ይያዝ። እንዲህ ከተደረገ ጸሐፊው የወደዱትን ነገር ሳናጣ እናቲቱንም አናጣትም።

የእናቶች ማቆያ ይዘጋ የሚለውን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። ለማያውቀው ላስረዳ። ማቆያ ማለት ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም ችግር ይመጣባታል ተብሎ የሚፈራላት ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ መጥታ ጤና ተቋሙ ግቢ ውስጥ የምትቆይበት ቤት ነው። ምጥ ሲመጣ ቃሬዛም አምቡላንስም አያስፈልጋትም፤ ግቢውን መሻገር ብቻ ነው። ለአገራችንም አዲስ አይደለም። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 ጀምሮ ሠርቶበታል።

ባዶ የሆኑ አሉ? አዎ አሉ። እኔም አይቻለሁ። አንዱ ክፍል የካርቶን መጋዘን ሆኖ ነበር። ፍራሽ አለው፤ ውኃ የለውም፤ ማብሰያ የለውም። አንዲት እናት ከሩቅ መጥታ ሁለት ሳምንት ቁጭ ስትል ምን ትብላ? ማን ያብስልላት? ቤት የቀሩት ልጆቿስ? ወረዳው ቤቱን ሠራ፤ ኑሮውን ግን አላሰበበትም። ሌላ ቦታ ያየሁት ደግሞ ሞልቶ መሬት ላይ ፍራሽ የተነጠፈበት ነው። ምን ተለየ? ከክፍሉ ጀርባ በጭስ የጠቆረች ማድ ቤት አለች። ማገዶው ተቆልሏል። ቀበሌዎቹ በመኸር ጊዜ እህል ያዋጣሉ፤ ጤፍና ሽሮው በጆንያ ተቀምጧል። ሴቶቹ እንጀራውን ተራ ገብተው ይጋግራሉ። ከሰዓት በኋላ ረከቦቱ ይቀርባል። ከአንዷ ጉልበት ሥር የሁለት ዓመት ልጇ ተኝቷል፤ ይዛው እንድትመጣ ተፈቅዶላታል። ክፍሉን የሞላው እህሉና ይህ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ባዶውን ክፍል ከመዝጋት በፊት የሞላው እንዴት እንደሞላ ሄዶ ማየት ይቀድማል። በቅሬው ሬሳ ለመቅበር እህልና ጉልበት የሚያዋጣ ሕዝብ ለወላድም ያዋጣል። የሚያስተባብረው ብቻ ነው የሚፈልገው።

የቀረው የደሴው ትልቅ ሆስፒታል ነው። ስፔሻሊስት እንደሚያንስ፣ የማዋለጃ ክፍል እንደሚጨናነቅ፣ አልጋ እንደሚጠፋ ጸሐፊው የጻፉት እውነት ነው። ደሴ የደቡብ ወሎ ብቻ አይደለችም፤ ከሰሜን ወሎም፣ ከባቲም፣ ከአፋርም ሰው ይመጣባታል። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ዕቃቸው ተሰባብሯል። ስለዚህ ሆስፒታል ይስፋ፣ ይታደስ ቢባል እደግፋለሁ። የምቃወመው ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ተቀንሶ ይሠራ ሲባል ነው።

ደም በሁለት ሰዓት ይገድላል ብያለሁ። ከሳይንት፣ ከወግዲ ወይም ከከለላ ገጠር ተነስቶ በሁለት ሰዓት ደሴ የሚደርስ የለም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ፣ ባለፉት ዓመታት ስንት ቀን እንደተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን፣ ደሴ ያለው ሆስፒታል ለእነዚያ እናቶች እንደሌለ ነው። በ2016 በኦፕራሲዮን የወለዱት በአገር ደረጃ ከ100 ሁለት ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ 21 ነበሩ። አገሪቱ ቀዶ ሐኪም ያጣችው ከተማ ውስጥ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ይንገረን? ለዚህ ችግር አንድ የሚሠራ መፍትሔ ተገኝቷል። ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ በገጠር ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮን ይሠራሉ። እንደ አቀስታና መካነ ሰላም ባሉ ቦታዎች ያሉት ሆስፒታሎች ባለሙያ፣ ጄኔሬተርና ኦክስጅን ሲሟላላቸው ስንት እናት የደሴን ዳገት ሳታይ እንደምትድን አስቡት። የደሴው አልጋም ይቀልለታል።

ገንዘቡ የት ይዋል ለሚለው የእኔ መልስ እንግዲህ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ለአምቡላንሱ ነዳጅና የሌሊት ሹፌር። ለኦክሲቶሲኑ ፍሪጅና መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ሶላር። ለማቆያው እህል። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ አንዲት ሴት አዋላጅ፣ ገጠር ተቀምጣ እንድትሠራ የሚያደርግ ቤትና አበል። ለገጠር ሆስፒታሎች የደም ማስቀመጫ ፍሪጅ። እነዚህ ሪባን አይቆረጥባቸውም። ሕንፃ ስላልሆኑ በጀት ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚሰረዙት እነሱ ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ወረዳም ሚኒስቴርም ሳንጠብቅ ዛሬ ማድረግ የምንችለው አንድ አለ፤ ደም ነው። የደም ባንኩ እዚሁ ደሴ ነው። ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች የሚሄደውም፣ ደሴ ላይ ለምትደርሰው እናት የሚሰጠውም ከእሱ ነው። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ጸሐፊው የሚያነባቸው ሰው ብዙ ነው፤ ከእኔ እጅግ ይበልጣል። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የደሴንና የኮምቦልቻን ወጣት ወደዚያ ቢጠሩ፣ የልገሳውን ቀን አብረን እንወስን፤ እኔም ባልደረቦቼም እንመጣለን።